ለምሰሶ የታጨው ጥድ

ጋሽ ቱንቢ ያን ቀን ጠዋት ወደ ደናቸው የወጡት ከማንም ጋር ለመከራከር አልነበረም። በአንድ እጃቸው መጥረቢያ፣ በሌላው ትንሽ የቀይ ቀለም ቆርቆሮ ይዘው፣ በማግስቱ ዛፍ ቆራጮቹ ሲመጡ የሚጥሉትን ጥድ ምልክት ሊያደርጉበት ነበር። ክርክር ግን እንደ ዝናብ ነው፤ ጃንጥላ ያልያዘውን ሰው መርጦ ያገኘዋል።

እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። “ቱንቢ” ያሏቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ቱንቢ ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበት፣ ግንበኛ የግድግዳን ቀጥታነት የሚያይበት ክር ነው። እሳቸው አናጢ ሆነው ሳለ ከኮት ኪሳቸው አይለዩትም። በር ሲገጥሙ ይለኩበታል፤ ሰው ቤት በእንግድነት ሲገቡ የሰውን ቁም ሳጥን ይለኩበታል፤ አንዴማ የአማቻቸውን አቋቋም ለክተውበታል እየተባለ ይወራል።

ከሁሉ በላይ ግን ዛፍ ይለኩበታል። ከአባታቸው በወረሱት ደን ውስጥ በየዓመቱ ሦስት ጥድ ይቆርጣሉ፤ ሦስት ብቻ። ክሩን ከፊታቸው አንጠልጥለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከደኑ ሁሉ ቀጥ ያሉትን፣ ጉጥ የሌለባቸውን፣ ወፈር ያሉትን ይመርጣሉ። ጎባጣውንና መንታውን አይነኩትም። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሠርተዋል፤ ይኮሩበታልም። “እንደ ሌላው ደኔን አልጨፈጨፍኩም” ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ አልጨፈጨፉም።

የዛሬው ዛፍ ግን ቱንቢ አያስፈልገውም ነበር፤ ቀጥ ያለ ትልቅ ጥድ የቀረው እሱ አንድ ብቻ ነውና። ጋሽ ቱንቢ አራት ልጆች አሏቸው። እያንዳንዱ ልጅ ቤት ሲሠራ ከአባት ደን አንድ ምርጥ ምሰሶ ሊሰጡ ቃል ገብተው፣ ለሦስቱ ሰጥተዋል። የቀረችው የመጨረሻዋ ናት፤ ቤተሰቡ “ማሳረጊያ” እያለ የሚጠራት፣ ከአራቱም ልጆች አባቷን “አንተ” የምትል እሷ ብቻ የሆነች። የማሳረጊያ ቤት ግድግዳው ቆሟል። ታላላቆቿ ምርጥ ምርጡን ወስደው እሷ ጎባጣ ቢደርሳት፣ ጋሽ ቱንቢ በሕይወት ዘመናቸው ራሳቸውን ይቅር አይሉም። ጥዱን በልባቸው ካጩላት ስድስት ዓመት ሆኗል።

እንግዲህ እዚያ ሲደርሱ፣ በታጨው ጥድ ሥር አንዲት ወጣት ተንበርክካ የወደቀውን ፍሬ በጆንያ እየለቀመች አገኟት። በግንዱም ላይ የመለኪያ ሜትር ተጠምጥሞበታል።

“አንቺ! ማን ፈቅዶልሽ ነው?” አሉ ከሩቅ።

ወጣቷ ደንገጥ ብላ ተነሣችና ጉልበቷን አራግፋ እጅ ነሣች። “ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ቱንቢ። ቤትዎ መጥቼ ላስፈቅድ ነበር ያሰብኩት፤ ፍሬው ወድቆ ሳየው እጄ ቀደመኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

አወቋት። የሟቹ ጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ስለ ደን ተምራ የመጣች፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የአባቷን ደን የምታስተዳድር። አባቷን “ለቃሚው” የሚል ቅጽል ያወጡላቸው ራሳቸው ጋሽ ቱንቢ ነበሩ። ሰውዬው በየዓመቱ ጎባጣውን፣ የተሰነጠቀውንና በሽታ የገባውን ብቻ እየቆረጡ፣ የሚያምረውን ይተዉ ነበርና። “ሰው ድግስ ቤት ገብቶ ፍርፋሪ ይለቅማል?” እያሉ ጋሽ ቱንቢ በእንጨት ሥራ ቤታቸው ሲያስቁባቸው ኖረዋል።

“አባትሽ እንጨት ይለቅም ነበር፤ አንቺ ደግሞ ፍሬ ጀመርሽ” አሉ፤ ቁጣቸው ግን በረድ ብሏል። “በይ የለቀምሽውን ውሰጂ። ነገ ይህ ዛፍ የለም።”

“ይቆረጣል?” ወጣቷ ወደ ላይ አንጋጠጠች። “ጋሽ ቱንቢ፣ እባክዎን ይህን እንኳ ይተዉት።”

“ለምን እተወዋለሁ? የኔ ዛፍ ነው፣ ለኔ ልጅ ነው፣ ደርሷል። ደግሞ እኔን ስለ ደን ልትመክሪኝ ነው? በዓመት ከሦስት ዛፍ በላይ ቆርጬ አላውቅም። እኔን ደን አጥፊ የሚለኝ ካለ ይምጣ!”

“አጥፊ ማን አለዎት? እንዲያውም እንደ እርስዎ በቁጥር የሚጠነቀቅ ባለ ደን አላየሁም። የምጠይቅዎ ሌላ ነው። በአርባ ዓመት መቶ ሃያ ዛፍ ወስደዋል፤ መቶ ሃያውም ቀጥ ያሉ ነበሩ። እስቲ ይንገሩኝ፤ ዘር ለመጣል የቀሩት የትኞቹ ናቸው?”

ጋሽ ቱንቢ መልስ አላጡም፤ ያጡት ደግ መልስ ነው። “ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም” አሉ።

“ልክ ነው፤ እኔ ያልኩትን አይመኑ። ቱንቢዎን ይመኑ። ኪስዎ ውስጥ አለ አይደል?”

ይህን ባትል ኖሮ ጋሽ ቱንቢ ቀለማቸውን ቀብተው በሄዱ ነበር። ነገር ግን የመለካት ግብዣ እምቢ ብለው አያውቁም። ክሩን አወጡና በአቅራቢያቸው ካለው ሠላሳ ዓመት ገደማ ከሆነው ጥድ ፊት አንጠለጠሉት። ግንዱ ከክሩ ወደ ግራ ሸሸ። ሁለተኛውን ለኩ፤ ወገቡ ላይ ታጥፏል። ሦስተኛው ከመሐል ጀምሮ ሁለት ሆኗል። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ክሩን ዝቅ አደረጉ።

“ይህን እኮ አውቀዋለሁ” አሉ ቅር ብሏቸው። “መሬቴ ነው። መሬቴ ጠማማ ያበቅላል። አባቴም ይህን ይል ነበር።”

“እንግዲያው ጅረቷን እንሻገር” አለች።

ሁለቱን ደኖች የምትለየው በአንድ እርምጃ የምትዘለል ጅረት ናት። ተሻገሩ። ጋሽ ቱንቢ ከለቃሚው ደን ከገቡ ሃያ ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም። ክራቸውን አንጠለጠሉ፤ ግንዱ ከክሩ ጋር አብሮ ወረደ። ሌላውን አዩ፤ እሱም እንደዚያው። ሰባቱን ለኩ፤ አንዱ ብቻ ትንሽ ዘመም ብሏል፤ እሱም ወገቡ ላይ የመቆረጫ ምልክት አለበት። ወጣቷ ከቦርሳዋ ትንሽ አካፋ አወጣችና ከጅረቷ ወዲህም ወዲያም ቆፍራ፣ ከሁለቱም አፈር በግራና በቀኝ መዳፏ ዘግና አሳየቻቸው። ያው ጥቁር ቡኒ አፈር፣ ያው ሽታ፣ ያው ጠጠር። የትኛው የማን እንደሆነ ቢቀላቀል እሷም አትለየውም።

“እንግዲህ ነፋሱ ይሆናል” አሉ ጋሽ ቱንቢ፤ ድምፃቸው ግን የመጀመሪያው አልነበረም።

“ነፋሱማ አለ፤ እንዲያውም ከእርስዎ ወደ እኛ ነው የሚነፍሰው” አለች ፈገግ ብላ። “የእርስዎ ጎባጦች በየዓመቱ ልጆቻቸውን ወደ እኛ ይልካሉ፤ እኛ ደግሞ በየዓመቱ እየነቀልን እናስተናግዳቸዋለን። በምለምንዎት ነገር የእኔም ጥቅም አለበት፤ አልደብቅዎትም።”

ጋሽ ቱንቢ ሳይወዱ ሳቅ አመለጣቸው።

“ሁሉም ጠማማነት ከዘር ነው አልልም” ብላ ቀጠለች። “መጨናነቅም ያጎብጣል፤ ብርሃን ፍለጋ አንገቱን ያልጠመዘዘ ዛፍ የለም። ግን እርስዎ ራስዎ ስለ ሰው ሲያወሩ ‘ዘር ከልጓም ይስባል’ ይሉ የለ? ዛፍስ? ቤትዎ ዶሮ አለ፤ እማማ የሚያሳርዱት የትኛዋን ነው? በየቀኑ እንቁላል የምትጥለዋን ነው ወይስ መጣል ያቆመችዋን?”

“የምትጥለዋንማ ብነካባት ቤት አታስገባኝም።”

“እርስዎ በደንዎ ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ የምትጥለዋን ሲያርዱ ኖረዋል።”

ይህች ነገር ጋሽ ቱንቢን ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ መታቻቸው። ሽማግሌው የቀለም ቆርቆሯቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው በአንድ ጉቶ ላይ ተቀመጡ። አንባቢዬ ሆይ፣ አጥፊ ሰው ሲገሠጽ ለመናደድ ምክንያት አያጣም። ተጠንቅቆ የሠራ ሰው ጥንቃቄው ራሱ ጥፋት እንደነበር ሲነገረው ግን የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል። ችግራቸው የቆረጡት መብዛቱ አልነበረም፤ መምረጣቸው ነበር። የሚወስዱትን እንጂ የሚተዉትን መርጠው አያውቁም።

“አባትሽ ለምን አልነገረኝም?” አሉ።

ወጣቷ አፈሩን ከመዳፏ አራገፈች። “አንድ ጊዜ ነግረውዎት ነበር። ‘ስቆብኝ ሄደ’ ይሉ ነበር።”

ጋሽ ቱንቢ አስታወሱ። እዚችው ጅረት ዳር፣ ሰውዬው ትከሻቸውን ያዝ አድርገው፣ “ወንድሜ፣ ጥሩ ጥሩውን ተውለት” ብለዋቸው ነበር። “ለማን?” ብለው ሳቁ። ማታውን ወሬውን ሥራ ቤት ወስደው ሰው ሁሉ በሳቅ ሲንፈራፈር አመሸ። አሁን አፈሩ። ይቅርታ የሚጠየቀው ሰው ሞቶ ሳለ ማፈር ከባድ ነው፤ ዕፍረቱን የሚረከብህ የለም።

“የልጄስ ምሰሶ?” አሉ በመጨረሻ። “ይህን ሁሉ አመንኩ እንበል። ሦስቱ ያገኙትን አራተኛዋ አታገኝም? ‘አባቴ እኔ ጋ ሲደርስ አስተማሩት’ ትበል?”

“ምሰሶ ከእኛ ደን ይውሰዱ። ዋጋ አልጠይቅዎትም፤ በምትኩ ከዚያ ከትልቁ ጥድ ሥር ፍሬ እንድለቅም ይፍቀዱልኝ።”

“የአባት ምሰሶ ከጎረቤት አይለመንም” አሉና ተነሡ። ቢሆንም ቀለሙን አልቀቡም። “እስከ ነገ ላስብበት” ብለው ወረዱ።

ለምሳ ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው ፊታቸውን አይተው ነገር እንዳለ አወቁ። ጋሽ ቱንቢ እየበሉ ሁሉንም ነገሯቸው፤ ዶሮዋን ብቻ ዘለሏት።

“እና መሬቱ አልነበረም በለኛ” አሉ ባለቤታቸው። “የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ምስኪን መሬት፣ አርባ ዓመት ስሟ ጠፋ።”

“አሁን እሱን ተይው። ማሳረጊያን ምን እላታለሁ?”

“ጠይቃት እንጂ። ቤቱ የእሷ አይደል? ምሰሶ ትፈልጊያለሽ ወይ ብለህ ጠይቀሃት ታውቃለህ?”

“ምን ብዬ እጠይቃታለሁ? ምሰሶ የማይፈልግ ቤት አለ?”

ባለቤታቸው ሳህኑን ከፊታቸው አነሡ። ከአርባ ስድስት ዓመት ትዳር በኋላ ሳህን እንዲህ ሲነሣ ምን ማለት እንደሆነ ጋሽ ቱንቢ ያውቁታል። ኮታቸውን ደርበው ወጡ።

የማሳረጊያ ቤት በብሎኬት የተሠራ ነው። ሲደርሱ ግንበኛው የሳሎኑን ወለል ሲሚንቶ እያለሰለሰ ነበር፤ ማሳረጊያ ደግሞ በመስኮቱ ቀዳዳ በኩል ለሠራተኞች ውኃ ታቀብላለች። ጋሽ ቱንቢ በሩ ላይ ቆመው ሲመለከቱ፣ በለሰለሰው ወለል መሐል፣ ሰው ሶፋውን በሚያስቀምጥበት ቦታ፣ አንድ ትልቅ ክብ ጉድጓድ ክፍት ተትቷል።

“ይህን ምነው ረሳኸው?” አሉ ግንበኛውን።

ግንበኛው አላወቃቸውም። “አልረሳሁትም አባቴ። የቤቱ ባለቤት አባት ምሰሶ ያመጣሉ አሉ፤ እሱ የሚቆምበት ነው። ጣሪያውንስ ግድግዳው ነው የሚሸከመው፤ ፕላኑም ላይ ምሰሶ የለ። ‘አባቴ ቅር እንዳይለው መሐሉን ተውልኝ’ ብላ ስትለምነኝ ጊዜ ምን ላድርግ? ሳሎኑን ማበላሸት ነው፤ እንጀራዬ ነውና ዝም አልኩ።”

ማሳረጊያ ከመስኮቱ ስትሰማ ክው አለች። “አባዬ…”

ጋሽ ቱንቢ ጉድጓዱን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። እሳቸው ለእሷ ብለው የደኑን የመጨረሻ እናት ሊጥሉ፣ እሷ ለእሳቸው ብላ በሳሎኗ መሐል ግንድ ተክላ ዕድሜዋን ሙሉ ልትዞረው! በመጀመሪያ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሳቁ፤ በሩን ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ማሳረጊያም መጀመሪያ ፈርታ፣ ኋላ ተከትላቸው ሳቀች።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አሏት ዓይናቸውን እየጠረጉ።

“ስድስት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ጥድ ስትነግረኝ፣ ፊትህ እንዴት እንደሚሆን ብታየው አንተም ብትሆን አትናገርም ነበር።”

“እሺ፣ ታላላቆችሽ ባገኙት ምሰሶ ምትክ ለአንቺ ምን ልስጥሽ?”

ማሳረጊያ አልተቸገረችም። “ወንበር” አለች። “የቤተሰቡ ሰው ሁሉ የሚቀመጥበት፣ አሥራ ሁለት ወንበር። አንተ እኮ ከምሰሶ ይልቅ በወንበር ነው የምትታወቀው።”

“ጀርባው ለወገብ የሚመች እንዲሆን ጎበጥ ያለ እንጨት ነው የሚሻለው” አሉ ጋሽ ቱንቢ እንደ ሐሳብ አድርገው። “ጎበጥ ያለ ደግሞ ሞልቶኛል።”

ግንበኛው ጉድጓዱን በዚያው ዕለት ደፈነው።

በማግስቱ ዛፍ ቆራጮቹ ሲመጡ የጠበቃቸው ሌላ ሥራ ነበር። ጋሽ ቱንቢ ቀይ ቀለም፣ የለቃሚው ልጅ ነጭ ቀለም ይዘው ደኑን ከዳር እስከ ዳር ዞሩ። ትእዛዙ እንዲህ ሆነ፦ መጀመሪያ የሚቀረው በነጭ ይመረጥ፤ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ይታሰብ። ለወትሮው የሚንቋቸውን ወጣት ዛፎች አንድ በአንድ ሲያዩ፣ ከጎባጦች መሐል ተደብቀው ቀጥ ለማለት የሚታገሉ አሥራ አንድ አገኙ። ጋሽ ቱንቢ ጠፍተው እንደተገኙ ልጆች እያንዳንዳቸውን መታ መታ እያደረጉ ነጭ ቀቧቸው። በዙሪያቸው ያጨናነቋቸው ጎባጦች በቀይ ሄዱ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አልተነሣም፤ ደኑ በስድስት ክፍል ተከፈለና በየዓመቱ አንዱ ክፍል ብቻ ተነካ። የሚወጣው እንጨትም ደኑ በዓመት ከሚያድገው እንዳይበልጥ ልጅቷ በሜትሯ እየለካች ትጽፍ ነበር። ግንዱ በጅረቷ በኩል እንዳይጎተትም ከለከለች፤ ጋሽ ቱንቢ ለዚህ አንድ ቀን ሙሉ ተከራክረው ተረቱ።

የተገኘው ጥቅም ይህ ነው። ቀድሞ በዓመት ከሦስት ዛፍ በላይ የማይገባው የእንጨት ሥራ ቤት፣ ዛሬ ከጎባጣው ወንበርና የመሣሪያ እጀታ፣ ከአጫጭሩ መደርደሪያ፣ ከቀጫጭኑ የአጥር እንጨት ይሠራል፤ ፍርፋሪው ለማገዶ፣ ሰጋቱራው ለዶሮ ቤት ወለል ይሆናል። ከሌላ ቦታ እንጨት መግዛት ቀርቷል። ብርሃን ያገኙት አሥራ አንዱ ወፍረዋል። የለቃሚው ልጅ ከጅረቷ ማዶ መንቀሏን እየቀነሰች ነው፤ ከትልቁ ጥድ የለቀመችው ፍሬም በሁለቱም ደን ችግኝ ሆኖ ተተክሏል። አራቱ ልጆችም ተሰብስበው፣ ደኑ ከአባታቸው በኋላ ለአራት እንዳይቆራረስና በአንድነት እንዲተዳደር ፈርመዋል። የተቆራረሰ ደን ላይ ሁሉም የየድርሻውን ምርጥ ዛፍ ሊቆርጥ ይሮጣልና፣ ይህ ወረቀት ከቱንቢም ከሜትርም የበለጠ ሥራ የሠራ ይመስለኛል። ጋሽ ቱንቢማ ጭራሽ ሰባኪ ሆነዋል። በደናቸው አጠገብ የሚያልፍ መንገደኛ የዶሮዋን ነገር ሳይሰማ አይሄድም፤ እሳቸው ያገኟት ምሳሌ እየመሰለችም ትነገራለች። የለቃሚውን ስም ግን ከዚያ ወዲህ መቀለጃ አድርገውት አያውቁም፤ “ወንድሜ” ነው የሚሏቸው።

ባለፈው ጊዜ የበኩር ልጃቸው ሊጠይቃቸው መጥቶ ደን ውስጥ አገኛቸው። በትልቁ ጥድ ሥር፣ ከአንድ ችግኝ ዙሪያ በእጃቸው ሳር እየነቀሉ ተንበርክከዋል። ጉልበታቸው እንደ ድሮው አይደለም፤ ልጁ ሲያያቸው አዘነ።

“አባቴ፣ ይህ ችግኝ ለምሰሶ እስኪደርስ እኮ ስልሳ ዓመት ነው። ለማን ብለው ነው የሚለፉት?”

ጋሽ ቱንቢ ቀና አላሉም። “ይህ ትልቁ ጥድ በአያቴ ዘመን ለምሰሶ ባይሆን ለአጥር ይደርስ ነበር። አያቴ አይቶ አለፈው። እኔ ስወለድ እሱ ሞቷል፤ ስሜን እንኳ አያውቀውም። ለማን ብሎ ነው ያለፈው?”

ልጁ ወደ ጥዱ ጫፍ አንጋጠጠ።

“አሁን ከላዩ ላይ ውረድለት” አሉ አባት። “ቆመህበታል።”

ልጁ ደንግጦ አንድ እግሩን አነሣና የት እንደሚያሳርፈው ዙሪያውን ፈለገ፤ ችግኝ ያልበቀለበት ቦታ ማግኘት ቀላል አልነበረም።